የባለቤቴ ውድ አምፖሎች

ባለቤቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። እኔ ደግሞ ከደሴ ተመድቤ ፍኖተ ሰላም የመጣሁ አስተማሪ ነኝ። «አንድ ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ» እያልኩ ሻንጣዬን እንኳ በወጉ ሳልፈታ ከርሜ፣ እሱን አግብቼ እዚያው ቀረሁ። ይህ የማወራው ነገር የሆነው ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ሞባይል ስልክ የገዛ ሰው ሁሉም እንዲያየው ከተማው መሀል ቆሞ ጮክ ብሎ በሚያወራበት ዘመን ነው።

አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችን። በርበሬ በሚደርስበት ወራት ባለቤቴ ጎህ ሲቀድ ይወጣና ቡሬን፣ ማንኩሳን፣ አንዳንዴም ጂጋን አዳርሶ፣ ጆንያውን ከምሮ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። በርበሬው ከመኪናዋ አካል ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። መቀመጫው፣ ጣሪያው፣ የመስኮቱ ላስቲክ ሁሉ ይሰነፍጣል። በዚያች መኪና የተሳፈረ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ያስነጥሳል። አንድ ጊዜ አንድ ቄስ ከማንኩሳ ይዘን ስንመጣ፣ መንገዱን ሙሉ እኛ «ይማርዎ» ስንል እሳቸው «ያኑራችሁ» ሲሉ፣ ሌላ ወሬ ሳናወራ ከተማ ገባን።

የመብራቱ ነገር የጀመረው በአንድ የኅዳር ምሽት ነው። ባለቤቴ ገብቶ እጁን ታጠበና ገና ማዕዱ ሳይቀርብ፣ «የዚች መኪና መብራት ሞቷል» አለኝ።

«ጠፋ?»

«አልጠፋም። ይበራል፤ ግን ሞቷል። የሻማ ያህል ነው የሚሰጠው። ከማንኩሳ እዚህ ድረስ እየዳበስኩ ነው የመጣሁ።»

መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች ነገሩ አላስገረመኝም። «እንግዲያው ቀይረው» አልኩት። በማግስቱ ከተማችን ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ሁለት አዲስ አምፖል ገዝቶ አስገጠመ። ለጥቂት ቀን ደስ አለው። ከዚያ አንድ ማታ ገብቶ ቆቡን አልጋው ላይ ወረወረና፣ «ያው ነው» አለ። «ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሞ አይቼ ሰላም አልኩት። አልመለሰልኝም።»

«ማን ነው?»

«ግንድ ነበር።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። በግንዱ የሳቅነው አምፖሉን እንጂ ሌላ ነገር ስላልጠረጠርን ነው።

ባለሱቁ የሸጠለት አምፖል ተራ መሆኑን አመነለት። ደህናው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ዋጋው ቆንጠጥ ያደርጋል እንጂ መብራት ከተባለ እሱ ነው አለው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ በከባድ መኪና አዲስ አበባ ይመላለስ ነበርና፣ ለሱ ተነገረው። በሳምንቱ አንድ ትንሽ ዕቃ ይዞልን መጣ።

አምፖሉ በካርቶን፣ ካርቶኑ ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ካርቶኑ ላይ በጨለማ የምትበር መኪና ተስላለች፤ ከፊቷ የሚወጣው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ለባለቤቴ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ከተራው አምፖል እጅግ የበለጠ ብርሃን፣ የቀን ፀሐይ የመሰለ ንጣት፣ ርቆ ማየት። «ርቆ ማየት» የሚለውን ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ።

«መስታወቱን በጣት መንካት ክልክል ነው ይላል» አልኩት። «የእጅ ወዝ ከነካው ሲግል ይሰነጠቃል።»

«የበርበሬ ነጋዴ ጣት ሲነካውማ ምን ሊሆን ነው» አለና፣ ዞር ስል አዲስ የታጠበ ነጠላዬን ከገመዱ አውርዶ በጫፉ ይዞ ገጠመው። ጎረቤቶቻችን የጉድ አገር ነገር ይመስል ተሰበሰቡ። መሸት ሲል አበራው። እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስደንቅ ብርሃን ነበር። ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለው የጭቃ ግድግዳ እንደ ኖራ ነጭ ሆነ። ሰው ሁሉ «ወይ ጉድ» አለ፤ ባለቤቴም መሪውን ይዞ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ።

ግድግዳው የአንዲት ጠላ ሻጭ ጎረቤታችን ነበር። ሴትዮዋ ከግቢያቸው ብቅ ብለው እጃቸውን ከዓይናቸው ላይ ጋርደው ቆሙ።

«እንደምን አመሻችሁ» አሉ። «አዲስ መብራት ነው አሉ። እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ። እንደው ትንሽ ዞር ብታደርጉልኝ። ዶሮዎቼ ነጋ ብለው ከቆጥ ወርደዋል።»

እውነትም ወርደው ነበር። አውራውም ከግድግዳው ወዲያ ጮኸ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ አንዳንዴ አብሬው ወደ ቡሬ እሄዳለሁ። እሱ በርበሬውን ሲያስመዝን እኔ ድንችና ጎመን እገዛለሁ፤ አመሻሽ ላይ አብረን እንመለሳለን። በአዲሱ አምፖል የሄድንበትን የመጀመሪያ ቅዳሜ አልረሳውም። ከገበያ የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ፀሐይዋ እንደገባች ባለቤቴ መብራቱን አበራ። ከፊታችን ይመጡ የነበሩት ሴቶች ቀን ለፀሐይ ይዘውት የዋሉትን ጃንጥላ አንድ በአንድ እየዘረጉ ፊታቸውን ከለሉ። ዝናብ እንደጣለባቸው ሁሉ በጥቁር ጃንጥላ ሰልፍ መሀል አለፍን። አህያዎቹ ጃንጥላ ስለሌላቸው ወደ እርሻው ገቡ።

«ያዩናል» አለ ባለቤቴ ደስ ብሎት። «ከሩቅ ነው የሚያዩን።»

ማንኩሳ ልንደርስ ስንል አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን እየመጣ መብራቱን ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም አደረገ። ባለቤቴ ሰላምታ መስሎት ክላክስ ነፋለት። የጭነት መኪናው አጠገባችን ሲደርስ ቆመ፤ ሹፌሩ ከላይ አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደኅና ነዎት? ቤተሰብ ደኅና?»

«ደኅና ነን፣ ይመስገን።»

«ይመስገን። ገበያ እንዴት ዋለ?»

«ደኅና ነው።»

«እሰይ። እንደው ይችን ፀሐይ ከየት አመጧት?»

«ከአዲስ አበባ» አለ ባለቤቴ፣ ኮራ ብሎ።

«ይባርክልዎ። እኔ ግን ከዚያ ከኩርባው ወዲህ በጸሎት ነው የመጣሁ። እርስዎ እንዲያዩ እኛ እንዳንታወር፣ ወደ መሬት ትንሽ ዝቅ ቢያደርጓት።»

ጎጃም ከገባሁ ጀምሮ የምወደው ነገር ይኼ ነው፤ እዚህ አገር ሰው የሚወቅስህ ስለ ጤናህ ጠይቆ፣ ስለ ቤተሰብህ ጠይቆ፣ መርቆህ ነው። ወቀሳው ቢገባህም ባይገባህም ምርቃቱን ይዘህ ትሄዳለህ። ባለቤቴ ግን ገብቶታል፤ ፊቱ ጠቆረ። በማግስቱ መብራቱን ዝቅ አስደረገ። ዝቅ ካስደረገ በኋላ ደግሞ ይባስ ብሎ ምንም አይታየኝም ማለት ጀመረ።

«ምንም?»

«መንገዱ ከፊቴ ነጭ ነው። ከነጩ ወዲያ ያለው ጉድጓድ ነው።»

ጥፋቱን የማይጭንበት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ባትሪው ነው፤ ሌላ ቀን ዲናሞው ነው፤ ሌላ ቀን አቧራው ነው። አቧራውስ እውነት ነበር፤ ያኔ መንገዱ ገና እየተሠራ ስለነበር ከእኛ ፊት መኪና ካለ የምናየው ቀይ ደመና ብቻ ነው። ደግሞም ከሁለቱ ውድ አምፖሎች አንዱ ጥምቀት ሳይደርስ ተቃጠለ። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ይህን ሲሰማ፣ እነዚህ በጣም የሚያነጡት አምፖሎች ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ ሹፌሮቹም ያውቁታል አለ። «ታዲያ ለምን አመጣህልን?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ ብርሃን እንጂ ዕድሜ መች ጠየቀኝ?» አለኝ።

ባለቤቴ ተስፋ አልቆረጠም። ቡሬ ውስጥ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። እሱ ዘንድ ሄዶ ከዚህ የበለጠ የሚያበራ እንዳለ ጠየቀ። ሰውየው ባለ ትልቅ ዋት አምፖል አወጣለት፤ ነገር ግን የመኪናዋ ሽቦ ለዚያ የሚሆን ስላልሆነ መጀመሪያ ሽቦው በወፍራም ይቀየር አለው። ባለቤቴ ገበያ አለብኝ፣ አሁን ግጠምልኝና ሽቦውን በሚቀጥለው ስመጣ ትቀይራለህ አለ። የዚያን ዕለትም አብሬው ነበርኩ።

ከቡሬ ወጥተን ብዙም አልራቅን፤ አንድ ሽታ መጣ።

«የሚቃጠል ነገር አለ» አልኩ።

«በርበሬው ነው።»

«በርበሬ እንዲህ አይሸትም። ላስቲክ ነው።»

«ላስቲክ እኔም ሸትቶኛል፤ ከወደ ውጭ ነው» አለ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ሁለቱም መብራት ድርግም አለ። ወርደን የሞተሩን ክዳን ስንከፍተው ጭሱ ፊታችን ላይ ወጣ፤ የአምፖሉ መሰኪያ እንደ ሰም ቀልጦ ነበር። ደግነቱ የምዕራቡ ሰማይ ገና ቀይ ነው። ባለቤቴ ተመልሶ መኪናዋ ውስጥ ገባ። እኔ የእጅ ባትሪ በመስኮት አውጥቼ መንገዱን እያበራሁ፣ እጄ በብርድ እየደነዘዘ፣ አንድ አውቶቡስ ከኋላ መጥቶ ሲያልፈን በሱ ጭራ መብራት ተመርተን ፍኖተ ሰላም ገባን። ቤት ስንደርስ፣ «ለካ የሚበቃው ያንቺ ባትሪ ነበር» አለኝ። እንዲህ ያለው ነገሩን በሳቅ ለማለፍ ነው።

ሽቦው ሁሉ በወፍራም ተቀየረ፤ ባለ ትልቅ ዋቶቹ ዳግመኛ ተገጠሙ። አሁን በቡሬና በፍኖተ ሰላም መሀል ከእኛ የበለጠ የሚያበራ መኪና የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ሰሞን ነው የጋሪው ነገር የደረሰው።

ቅዳሜ ነው፤ እየመሸ ነው፤ ከተማው መግቢያ ላይ ደርሰናል። እኔ ስለ አንድ ተማሪዬ እናት እያወራሁ ነበር። ከፊታችን፣ በመንገዱ በእኛ በኩል፣ አንድ ጋሪ እየሄደ ነው። መብራታችን ሙሉ በሙሉ አርፎበታል። የጋሪው ጀርባ ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ጥልፍ አየሁት። ባለጋሪው የለበሰውን ካፖርት፣ ከኋላው የተጫነውን የሽንኩርት ጆንያ፣ የጆንያውን ስፌት ሳይቀር አየሁት። ባለቤቴ ቀስ እንዲል ጠበቅሁ። ቀስ አላለም። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት፤ ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ረጋ ብሏል።

«ጋሪ!» ብዬ ጮህኩ።

ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረገጠው። መኪናዋ ተንሸራታ፣ ተንገዳግዳ፣ ከጋሪው ጎማ አጠገብ ቆመች። ጎማውን በመስኮት እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። ፈረሱ ደንግጦ ወደ ጎን ዘለለ፤ አንድ የሽንኩርት ጆንያ ወድቆ ተበተነ። ባለጋሪው ወርዶ መጀመሪያ የፈረሱን አንገት ደባበሰ፤ ከዚያ ወደ እኛ መጣ። ሽማግሌ ሰው ናቸው። አልተቆጡም። ባለቤቴን በመስኮት በኩል ትኩር ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ደህና ነህ? አሞሃል?» አሉት።

ሦስታችንም ተንበርክከን በዚያ ኃይለኛ ብርሃን ሽንኩርቱን ለቀምን። አንድም ሽንኩርት አልተደበቀንም፤ ማለት እኔንና ሽማግሌውን። ባለቤቴ በእጁ መሬቱን እየዳበሰ ነበር የሚለቅም።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናዋን ሳያስነሣ ዋለ። ወደ ማታ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ «እስኪ ና፣ መብራቱን እንፈትሸው» አልኩት።

መኪናዋን ከግቢው ጥግ አቁሞ መብራቱን አበራ። እኔ ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ጠመኔ ይዤ ወደ ቆርቆሮው በር ሄድኩ። ለመጨረሻዎቹ ወንበሮች በምጽፍበት ዓይነት ትልልቅ ፊደል ጻፍኩ።

«ምን ጻፍኩ?»

አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ዘወር በይ፤ ጥላሽ ጋርዶታል» አለ።

ዘወር አልኩ።

«ስሜን ነው የጻፍሽው» አለ።

ስሙን አልነበረም። ፊደሎቹ ነጭ ሆነው ቆርቆሮው ላይ ያበራሉ። «ቀርበህ አንብበው» ስለው ከመኪናው ወረደ። ወደ በሩ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። አፍንጫው ቆርቆሮውን ሊነካ ሲል ቆመ፤ በጣቱ ጠመኔውን ተከትሎ አነበበ።

«በርበሬ» አለ ቀስ ብሎ።

ቆቡን አወለቀና ራሱን አከከ። «እንግዲያ መብራቱ ደኅና ነው» አለኝ።

ክንዱን ይዤው ወደ ቤት ገባን። እንደተቀመጥን እሱ ራሱ ጀመረው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንደሆነ፣ በግራ ዓይኑ ሁሉ ነገር በላብ በደፈረሰ መስታወት ውስጥ እንዳለ እንደሚመስለው፣ ከፊቱ መኪና ሲመጣ ብርሃኑ እንደ ሸማ እየተዘረጋ ዓለሙን ሁሉ እንደሚሸፍንበት ነገረኝ። መጀመሪያ የበርበሬ ብናኝ ነው ብሎ፣ ቀጥሎ ድካም ነው ብሎ፣ ከዚያ አምፖሉ ነው ብሎ ያዘ። አምፖል ሊቀየር ይችላል። ዓይን መቀየር ስለማይቻል ስለ ዓይን ማሰብ አልፈለገም።

በዚያ ሳምንት አማቴ ከደጋ ዳሞት፣ ከፈረስ ቤት አካባቢ፣ ገብስና ቅቤ አስይዘው መጡ። ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን ራሷ የምታሳርስ ሴት ምን ዓይነት ጠንካራ እንደምትሆን ያየሁት በሳቸው ነው። ልጃቸው ፊታቸው ተቀምጦ፣ እንዳይደነግጡ ቃሉን እየመረጠ፣ ዓይኔን ትንሽ አሞኛል አላቸው።

«እኔስ ሳላውቅ ቀርቼ ነው?» አሉ ሳይደነግጡ። «እዚህ ከተማ ከገባ ጀምሮ ዓይን የለውም።»

«እንዴት እማማ?» አልኩ።

«አንቺ ላይ ዓይኑን ጥሎብሽ አይደል ያገባሽ? ያን ጊዜ የጣለውን እስከ ዛሬ መች አነሣው?»

እሱ ከሁላችን በላይ ሳቀ። ከጋሪው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አማቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ «ፀበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪሙም ይየው። ሁለቱ አይጣሉም» ብለው ነገሩን ቆረጡት።

ባሕር ዳር በአውቶቡስ ሄድን። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ዓይኑን በመሣሪያ ካየች በኋላ፣ በግራው የበሰለ፣ በቀኙ የጀመረ የዓይን ሞራ አለ አለች። ባለቤቴ ስለ አምፖሎቹ ሁሉንም ነገር ዘርዝሮ ነገራት። ስቃ ታሳፍረዋለች ብዬ ሰግቼ ነበር፤ እሷ ግን በጥሞና ሰማችው።

«ጉም ውስጥ ነድተው ያውቃሉ?» አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የደጋ ዳሞት ሰው ነኝ።»

«ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ሲያበሩ ምን ይሆናል?»

«ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ምንም አይታይም።»

«ይኸው ነው። ጉሙ አሁን ከዓይንዎ ውስጥ ነው። ብርሃኑ በበዛ ቁጥር የሚያበራው ጉሙን ነው።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከኅዳር ጀምሮ ሲፈልገው የነበረው መልስ ይሄው እንደሆነ ከፊቱ አነበብኩ። ግራ ዓይኑ ከፋሲካ በኋላ እንዲሠራ ተቀጠረ፤ ቀኙ ደግሞ ከዚያ በኋላ። ሁለቱም እስኪድኑ ግን በምሽት መንዳት ቀርቶ መሪ እንዳይነካ ነገረችው።

ሹፌር ቀጠርን። ሹፌሩ ባስነጠሰ ቁጥር ዓይኑን ስለሚጨፍን ከባለቤቴ አልተሻለም፤ ራሱም ሳይቆይ ይቅርብኝ ብሎ ሄደ። በዚህ ጊዜ ነው «እኔ ልማረው» ያልኩት። ባለቤቴ እየቀለደችብኝ ይሆን ብሎ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ቁልፉን ሰጠኝ።

እሑድ እሑድ በትምህርት ቤቱ የኳስ ሜዳ ላይ አስተማረኝ። አጠገቤ ተቀምጦ አይመለከትም፤ ያዳምጣል። «ማርሹ አለቀሰብሽ፤ ክላቹን ጨርሰሽ ርገጪ» ይላል። «አሁን ሞተሩ ጠግቧል፤ ሦስተኛ አስገቢ።» ዓይኑን ቢጨፍንም መኪናዋ ምን እንደምትፈልግ ያውቃል። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ሳስተምር እንደሱ የታገሠ አስተማሪ አላየሁም። አንድ ቀን የኳሱን ጎል ቋሚ ገጭቼ ሳዘነብለው፣ «ምን ነበር?» አለኝ።

«ግንድ» አልኩት።

«ሰላም ብለሽው ነው?»

መንጃ ፈቃዴን ደብረ ማርቆስ ሄጄ ተፈትኜ አወጣሁ። በሚቀጥለው የበርበሬ ወራት ከትምህርት ቤት በተረፈኝ ሰዓትና ቅዳሜ ቅዳሜ የምነዳው እኔ ሆንኩ። ቡሬ ገበያ ላይ ጉድ ተባለ። አንዲት በርበሬ የምታቀርብልን ገበሬ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ፣ «አስተማሪ ናት አሉ። መኪናውን ምን እያስተማረችው ይሆን?» ስትል ሰማኋት። አንድ አዛውንት እስከ ማንኩሳ ሸኝኝ ብለው ሲገቡ መሪውን የያዝኩት እኔ መሆኔን አይተው አማተቡ፤ ማማተባቸውን ሳይጨርሱ አስነጠሱ። «ይማርዎ» ብያቸው ጉዞ ጀመርን።

ባለ ትልቅ ዋቶቹን አምፖሎች ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ምሽት ከአቧራው ላይ እየነጠረ የሚመለሰው ብርሃን ራሴን አመመኝ፤ ፊት ለፊቴ የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ብልጭ ድርግም እያለ ይሳደባል። ከሠፈራችን ሱቅ ደህና የሚባለውን ተራ አምፖል ጥንድ አድርጌ ገዛሁ። የመብራቱን መስታወት በሳሙና ከውጭ ባጥበው የወጣው ጭቃና የተጋገረ ነፍሳት ለብቻው አንድ ጣሳ ሙሉ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ከመውጣቴ በፊት ማጠብ ልማዴ ሆነ። ያ ጥንድ አምፖል ያን ወራት አልፎ የሚቀጥለውንም ጀመረ። ስለ ውዶቹ አምፖሎች ክፉ አልናገርም፤ ብርሃናቸው እውነት ነው፤ ነጭ ነው፤ ያምራል። በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መኪና ገዝታ ውዱን አምፖል ልግዛ ወይ ብላ ብትጠይቀኝ፣ መጀመሪያ መስታወቱን እጠቢ፣ ከዚያ ሽቦውን አስፈትሺ፣ ከዚያ ዓይንሽን ተመርመሪ፣ ከዚያ ወዲያም ካነሰሽ ግዢ አልኳት። ዓይኗን ተመርምራ መነጽር አድርጋ መጣች። አምፖሉን ገዛች አልገዛች አልጠየቅኋትም።

የባለቤቴ ግራ ዓይን የተሠራው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ ነበር። ፋሻው ሲነሣ አጠገቡ ነበርኩ። ሐኪሟ እጇን አሳየችው፤ ቆጠረ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከታች ሐይቁ ይታያል። «ይኼን ያህል ሰማያዊ ነው እንዴ?» አለ። ቤት ስንመለስ ከአውቶቡስ ወርዶ ግቢ እንደገባ መኪናዋ ፊት ቆመ።

«ቀለም ቀባሻት?»

«አልቀባኋትም።»

«ግራጫ አልነበረችም እንዴ?»

«ከገዛናት ጀምሮ ሰማያዊ ናት።»

ዞሯት፣ ነካት፣ ጭረቶቿን አንድ በአንድ አያቸው። ብዙዎቹ የእኔ ነበሩ፤ ሆኖም አላነሣቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፀጉሬን ጠጋ ብሎ ተመለከተ።

«አንቺ መቼ ነው የሸበትሽ?»

«አንተ አምፖል ስትገዛ» አልኩት።

ቀኙም ዓይን በተራው ተሠራ፤ እሱም ዳነ። ባለቤቴ ዳግመኛ መንዳት ጀመረ። ምሽት ሲሆን ግን ቁልፉን ራሱ ይሰጠኛል፤ እኔም ለምጄው፣ ወድጄውም ነበርና ሳልጠየቅ እቀበለው ነበር። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ መንገዱን ያያል፤ ስለ እያንዳንዱ ዛፍ ይነግረኛል፤ ማንኩሳን ስናልፍ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ለአማቴ ምሥራቹን የነገርናቸው ሄደን ነው። በደምበጫ በኩል ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ከወጣን በኋላ ከሰዓት ላይ ጉም ወረደ። አጭሩን መብራት አብርቼ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። አማቴን ከዘመድ ቤት አንሥተን ወደ ራሳቸው ቤት ስናደርሳቸው ከፊት፣ አጠገቤ ተቀመጡ። መኪና ውስጥ እምብዛም አይገቡም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በመስኮቱ ጉሙን እያዩ ትንሽ ሄዱ። አንድ በቅሎ የጫነ ሰው ከኋላችን መጥቶ ሰላምታ ሰጥቶን አለፈን።

አማቴ በቅሎው ጉም ውስጥ እስኪጠፋ ተከትለው አዩት።

«ልጄ፣ ደክሞሻል?» አሉኝ።

«አልደከመኝም እማማ። ጉሙ ነው፤ እየተጠነቀቅሁ ነው።»

«እሱስ ደግ ነው። ጥንቃቄ ደግ ነው። ፈጣሪ ይጠብቅሽ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ ልጃቸው ከኋላ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንደው በቅሎውን ብትቀድሚው ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ።